አርባ ሺህ አሳዳጊ የበደላቸው

ሥራ በጀመርኩበት ቀን ጎርድ ፔነር አንድ ወረቀት አስፈረመኝ። አራተኛው ነጥብ፣ የድርጅቱ ሠራተኛ በድርጅቱ ጨዋታዎች ላይ በአደባባይ አስተያየት መጻፍ እንደማይችል፣ ከመቀጠሩ በፊት የጻፈ ከሆነም በዚያው ቀን ማሳወቅ እንዳለበት፣ ያላሳወቀ ግን እንደሚሰናበት ይላል። አንብቤ ፈረምኩ። አላሳወቅኩም።

ልዋሽ ብዬ አልነበረም። ከመፈረሜ ከአሥር ደቂቃ በፊት ጎርድ ግድግዳው ላይ የለጠፈውን አንድ አስተያየት በጣቱ እየጠቆመ፣ «ይህን የጻፈውን ሰውዬ ያገኘሁት ቀን፣ እስከ ሰኔ ድረስ የደጄን በረዶ በአካፋ አስጠርገዋለሁ!» ብሎኝ ነበር።

«እ» አልኩ።

የጻፍኩት እኔ ነበርኩ። ከሦስት ሳምንት በፊት፣ ሥራ ፈትቼ በተቀመጥኩበት ጊዜ፣ «የተሰካ ገመድ» በሚል ስም። ዝም አይነቅዝም ይባላል። እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ በዚህ አባባል ስኖር ብዙም ጉዳት አላየሁበትም ነበር።

መሥሪያ ቤታችን በብርዷ በምትታወቀው ዊኒፔግ መሀል ከተማ፣ ድሮ የአዝራር ፋብሪካ በነበረ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ዘጠኝ ሰዎች ነን። ባለቤቱ ጎርድ ስልሳ ሊሞላው ሁለት ዓመት ቀርቶታል፤ ጥር ላይም ቁምጣ ይለብሳል። በመጀመሪያው ቀን «አቶ ፔነር» ብዬ ብጠራው፣ አባቱ ከኋላው የቆሙ ይመስል ዞሮ አየ። ከዚያ በኋላ ጎርድ ብቻ ሆነ። ከጎኔ የሚቀመጠው ጆቬን ዲማላንታ ደግሞ በጨዋታው ውስጥ ያሉትን ሰዎች የሚስለውና የሚያንቀሳቅሰው እሱ ነው።

ሥራውን እፈልገው ነበር። ዩኒቨርሲቲ ከጨረስኩ በኋላ ሁለት ቦታ ሠርቻለሁ፤ በሁለቱም ቦታ ዝምታዬ እንደ ኩራት ተቆጥሮብኛል። እዚህ ግን ሁሉም ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አድርጎ አንገቱን ስለሚደፋ ማን ዝምተኛ እንደሆነ አይታወቅም። ሰው መሀል ተቀምጬ ትከሻዬ ዘና ሲል የመጀመሪያዬ ነበር። የሙከራ ጊዜዬ ሦስት ወር ነው፤ የሚያበቃው የካቲት ውስጥ በአንድ ሰኞ ነው። እስከዚያ ድረስ ዝም ብዬ ልዘልቅ አሰብኩ።

ስለ ጨዋታው ልንገራችሁ። የመጀመሪያው ክፍል «የመጨረሻው ጭስ» ይባላል። ዓለም በሙሉ በረዶ ሆና ሰማንያ ሰዎች በአንድ ምድጃ ዙሪያ ቀርተዋል። ተጫዋቹ አለቃቸው ነው፤ ማን እንጨት እንደሚቆርጥ፣ ማን የሐይቁን በረዶ በስቶ ዓሣ እንደሚያጠምድ፣ ማን ቀድሞ ሾርባ እንደሚጠጣ ይወስናል። እያንዳንዳቸው ስም አላቸው። ኢዳ የምትባል ሴት ጉልበቷን ያማታል። ሩፉስ የሚባል ውሻ አለ፤ ሥራ የለውም። እያንዳንዱም ሰው ቤቱ ከመግባቱ በፊት እግሩን ደፍ ላይ መታ መታ አድርጎ የጫማውን በረዶ ያራግፋል። አራት ምት ነው፤ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ። እኛ አገር ይህን የማያደርግ ሰው ሁለተኛ አይጋበዝም።

ከስድስት ዓመት በኋላ «የመጨረሻው ጭስ ሁለት» ወጣ። አሁን ከተማዋ አድጋ አርባ ሺህ ሰው ሆናለች። ምክር ቤት አላት፣ የሚነታረኩ ወገኖች አሏት፣ ድምፅ ይሰጣል። ሰዎቹ ግን ስም የላቸውም፤ በመቶ በመቶ ታስረው ነው የሚቆጠሩት። ውሻው ሩፉስም ቀርቷል። የኔ ሥራ ተጫዋቾች ስለዚህ የሚሉትን ማንበብና በየጠዋቱ ለጎርድ መንገር ነው።

«ዛሬስ ምን አሉ?» ይላል፣ ቡናውን እንደያዘ።

«አንዱ፣ የመጨረሻው ከሆነ ሁለተኛው ከየት መጣ ይላል።»

«እሱን በየቀኑ ነው የሚሉት። ሌላ?»

«አንዷ ደግሞ፣ በመጀመሪያው ክፍል ኢዳ ስትሞት ምሳ መብላት አልቻልኩም፤ በሁለተኛው አራት መቶ ሰው ሲሞት ሳንድዊቼን አላስቀመጥኩም ብላለች።»

ጎርድ ቡናውን አስቀመጠ። «ጥሩ የሚል የለም?»

ፈለግኩ። «አለ። ኮምፒውተሬ ከጨዋታው ክብደት የተነሳ እንደ ምጣድ ስለጋለ ክፍሌ ለመጀመሪያ ጊዜ ሞቀ፤ እመክራለሁ የሚል።»

«ስለ ውሻውስ?»

«ስለ ውሻው ዛሬ ሠላሳ አንድ ብቻ ናቸው።»

«እየቀነሰ ነው» አለና ተጽናና።

ከአስተያየቶቹ ሁሉ በላይ ሰው የተስማማበት ግን የኔው ነበር። አሥራ አንድ ሺህ ሰው «ጠቃሚ ነው» ብሎታል። ርዕሱ «አርባ ሺህ አሳዳጊ የበደላቸው» ነው። ያልኩት አጭር ነው፤ ይህን ሁሉ ሕዝብ ቀኑን ሙሉ ስመለከት አንድ እንኳ ጫማውን አራግፎ ቤት የገባ አላየሁም፣ ማን ነው ያሳደጋቸው፣ እንደዚህ ላሉ ሰዎች እንጨት መቁረጥ አይገባኝም ብዬ ነው የጻፍኩት። መጨረሻው ላይ አውራ ጣቱ ወደ ታች፤ አልመክርም።

ችግሩ፣ ከአስተያየቱ ሥር ጸሐፊው ጨዋታውን ስንት ሰዓት እንደተጫወተ መቁጠሪያው በራሱ ያሳያል። እኔ ስቀጠር 212 ሰዓት ይል ነበር።

«ሁለት መቶ አሥራ ሁለት!» ይላል ጎርድ። «አንድ ሰው ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሲበላ የቆየውን ወጥ አልጣፈጠኝም ይላል?»

እኛ ተጫዋቾች እንደዚህ ነን። የማንወደውን ነገር በደንብ ካላወቅነው አንነቅፈውም። እኔ ደግሞ ከተማዬን አንድ ሰው ሳይሞትባት ክረምቱን ላሻግራት ለራሴ ቃል ገብቻለሁ፤ ስለዚህ ማታ ማታ ከራት በኋላ እቀጥል ነበር። በማግሥቱ ቁጥሩ 215 ሆነ። ጎርድ ነጭ ሰሌዳው ላይ በትልቁ ጻፈው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ የድሮውን ቁጥር እየደመሰሰ አዲሱን ይጽፋል፤ ማርከሩን የማቀብለው እኔ ነኝ።

«ሦስት መቶ አርባ!» ይላል። «የመጀመሪያ ትዳሬ ይህን ያህል አልቆየም።»

«የቆየው አሥራ አንድ ዓመት ነው» ይለዋል ጆቬን።

«የተነጋገርንበትን ሰዓት ነው የምቆጥረው።»

የገና በዓል ሲደርስ ኮምፒውተሬን ዘግቼ አራት ቀን ከዘመድ ጋር ቆየሁ። ስመለስ ጎርድ ሰሌዳው ፊት እጁን አጣምሮ ቆሟል። ቁጥሩ አልተነቃነቀም።

«ታሞ ይሆን?» አለ።

«ማን?»

«ገመዱ ነዋ! ደግሞ ማን?» ወንበር ላይ ተቀመጠ። «ወይም ተወን። በቃ፣ እሱም ተወን።»

የሚጠላውን ሰው እንደዚህ የሚናፍቅ ሰው አይቼ አላውቅም። አሳዘነኝ። ከሥራ ወጥቼ ቀጥታ ቤት ሄድኩና ከፈትኩት። ከዚያ በኋላ ለከተማዬ ስል ይሁን ለጎርድ ስል እንደምጫወት እርግጠኛ አልነበርኩም።

ቁጥሩ ደግሞ በፍጥነት የሚያድግበት ምክንያት ነበረው። ጨዋታው ውስጥ ዓሣ የሚደርቀው ጨዋታው ክፍት ሆኖ ሲቆይ ብቻ ነው። ስለዚህ ብዙዎቻችን ኮምፒውተሩን እንደተከፈተ ትተን ወደ ጉዳያችን እንሄዳለን፤ ስንመለስ ዓሣው ደርቆ ይጠብቀናል። እኔም ጠዋት ለዓሣው ከፍቼ እወጣለሁ። ስሜም ሥር፣ አሁን እየተጫወተ ነው የሚል አረንጓዴ ነጥብ ቀኑን ሙሉ ይበራል። ለጆቬን ይህ ጥሩ ማስረጃ ሆነው። አንድ ቀን ጎርድ ሁላችንንም በተራ በተራ በጥርጣሬ ሲያይ፣ «ከኛ መሀል እንዳልሆነማ ግልጽ ነው፤ አሁንም እየተጫወተ ነው» አለው።

ቤት ውስጥ ያለው አባቴ ብቻ ነው። ቦህዳን ይባላል፤ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው። ኅዳር ላይ ዳቦ ቤት በር ላይ ተንሸራቶ ቁርጭምጭሚቱ ስለተሰበረ እግሩ በጀሶ ታስሮ ሶፋ ላይ ውሏል። ጨዋታውን መጀመሪያ ያየው ከኋላዬ በክራንች ቆሞ ነው።

«ምንድን ነው ይሄ ጉንዳን?»

«ሰዎች ናቸው፣ አባዬ። እንዳይሞቱ እጠብቃቸዋለሁ።»

«ያውቁሻል?»

«አያውቁኝም።»

«እኔ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሰው በብርድ አመላልሻለሁ። እነሱም አያውቁኝም። ግን ቢያንስ ሲወርዱ አመሰግናለሁ ይላሉ።» ወደ ሶፋው እያነከሰ ተመለሰ። «ጨዋታ የሚፈልጠው እንጨት ላጣ ሰው ነው፣ ልጄ።»

የኛ ቤት በጋዝ ነው የሚሞቀው።

ጥር መጨረሻ ላይ አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ከተማዬ ውስጥ መቼ እንደሠራሁት የማላስታውሰው ሰፊ መንገድ አገኘሁ። ከምድጃው እስከ ሐይቁ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ግሩም መንገድ ነው። ሲደክመኝ የሠራሁት ይሆናል ብዬ አለፍኩት።

ጉዱ የፈላው የካቲት መጀመሪያ ላይ ነው። ጆቬን ምሳውን እየበላ የኔን አስተያየት ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ እንጃ ሲያነብ ቆየና ሹካውን አስቀመጠ።

«ጎርድ! ይሄ ሰውዬ የኛ ከተማ ሰው ነው።»

«በምን አወቅክ?»

«ስሙን እየው። የተሰካ ገመድ። መኪና በሶኬት እንደሚሰካ የሚያውቅ ሰው የት የት ነው ያለው? በረዶ የማያውቅ የፍሎሪዳ ሰው ስሙን እንደዚህ ያወጣል?»

ጎርድ በመስኮት ወደ ታች አየ። መኪና ማቆሚያው ውስጥ ያሉት መኪኖች በሙሉ፣ የኔም ጭምር፣ ሞተራቸው በብርድ እንዳይደርቅ ከአፍንጫቸው የማሞቂያ ገመድ ተንጠልጥሎ ግድግዳው ላይ ተሰክተዋል። ስሙን ያወጣሁት በዚያው መስኮት ሳይሆን በቤታችን መስኮት እያየሁ ነበር። ብልህ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

«ጫማ ስለማራገፍም የሚያስበው የኛ ሰው ነው» አለ ጎርድ በቀስታ። ዓይኑ በራ። «ስብሰባ እንጥራ!»

ለቅዳሜ ከምሳ በኋላ የሰፈሩን አዳራሽ ተከራየ። ማስታወቂያውን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ሥራዬ ነዋ። የከተማዋ ተጫዋቾች በሙሉ መጥተው አስተያየታቸውን ፊት ለፊት እንዲናገሩ ተጋበዙ። የተሰካ ገመድ መጥቶ ራሱን ከገለጸ ግን ጎርድ ይቅር ይለዋል፣ ምክሩን ይሰማል፣ ስሙም በጨዋታው ውስጥ ትልቁ ምድጃ ላይ ይቀረጻል። እኔን በተመለከተ፣ የሙከራ ጊዜዬ የሚያበቃው ከቅዳሜው ቀጥሎ ባለው ሰኞ ነበር። አንድ ቅዳሜ ብቻ ዝም ማለት ነበረብኝ።

መቶ ሃያ ሰው መጣ። በር ላይ ሁሉም እግሩን መታ መታ እያደረገ ሲገባ አዳራሹ የከበሮ ቤት መሰለ። ጆቬን አፉን ከፍቶ ያዳምጥ ነበር። ከእኔ ሌላ ማንም የማያውቀውን አንድ ነገር ላውራ፤ ጆቬን በየምሳ ሰዓቱ ያችን ጫማ ማራገፍ ለሁለተኛው ክፍል ሰዎች በድብቅ ሲስላት ከርሟል። ጎርድ እሺ እስኪል ነበር የሚጠብቀው።

የአዳራሹ ሴቶች ፒሮጊ የሚባለውን ድንች የተሞላ የሊጥ ቅቅል በተጠበሰ ሽንኩርት አቀረቡ። ከዚያ ተጫዋቾቹ በየተራ ተነሱ።

«እኔ ምክር ቤቱን ወድጄዋለሁ» አለ አንድ ጢማም። «ሲነታረኩ የእናቴን ቤት ያስታውሰኛል።»

«አንተ ገና ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ ነህ፤ ዝም በል!» አሉት ከኋላ።

«ሠላሳ ዲግሪ ከዜሮ በታች ሲሆን ሰዎቹ መሞት ይጀምራሉ» አለች አንዲት አስተማሪ። «ሠላሳ! በሠላሳማ ልጆቹን ለእረፍት ውጪ ነው የማሰማራቸው።»

«ውሻው የት አለ?» አለ አንድ ሰው። አዳራሹ በሙሉ አጨበጨበ።

በመጨረሻ ጎርድ ቁምጣውን ሽቅብ ሳብ አድርጎ መድረክ ላይ ወጣ። ከኋላው ሸራው ላይ የኔ አስተያየት በትልቁ በርቷል፤ 1,104 ሰዓት፣ አጠገቡም አረንጓዴ ነጥብ። ጠዋት ለዓሣው ከፍቼው ወጥቼ ነበር።

«የተሰካ ገመድ ሆይ፣ እዚህ ካለህ ተነስ» አለ። «አልቆጣም።»

ሹካዬን አየሁ።

«እኔ ነኝ» አለ አንድ ድምፅ።

ከመሀል አንድ ወፍራም ሰው ተነሳ። ክሊፎርድ ታርዲፍ ይባላል፤ የቤት ማሞቂያ ጠጋኝ ነው። ስሙ ሥራ ልብሱ ላይ ተጽፏል።

ጎርድ ከመድረክ ወርዶ አቀፈው። እውነቴን ነው፣ እንባ አቅርሮ ነበር። «ግን እየተጫወትክ ነው ይላል እኮ» አለ ድንገት ወደ ሸራው እያየ።

«ለዓሣው ነዋ» አለ ክሊፎርድ። «እቤት ከፍቼው ነው የመጣሁት።»

ተጫዋቾቹ በሙሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። አሳማኝ ነበር።

«እሺ ምከረኝ!» አለ ጎርድ ማስታወሻውን አውጥቶ። «ምን ላድርግ?»

ክሊፎርድ ጉሮሮውን ጠረገ። «ቧንቧ።»

«ቧንቧ» ብሎ ጻፈ ጎርድ።

«ጨዋታችሁ ቧንቧ ያንሰዋል። ምድጃውም ማጣሪያ የለውም፤ እንደዚህ ያለ ምድጃ በሁለት ሳምንት ይታፈናል። ሰዎቹን ቀንሷቸው። ሰው ምን ይሠራል? ከሰው ጋር ችግር እንጂ ምን አለ? ቧንቧ ጨምሩ።»

«ሰው ይቀነስ» ብሎ ጻፈ ጎርድ። «የጫማውስ ነገር?»

«የቱ ጫማ? እ... ያ ቀልድ ነበር። እሱን እርሱት።»

ጎርድ አንድ መስመር አሰመረና ሰረዘ። አጠገቤ የተቀመጠው ጆቬን ፒሮጊውን በሹካ ወግቶ እንደያዘ ቀረ፤ ፊቱ አመድ መሰለ። አንድም ቃል አልተነፈሰም። እሱም እንደ እኔ ነው።

እንዴት እንደተነሳሁ አላውቅም። ወንበሬ ሲጮኽ ነው መቆሜን ያወቅኩት።

«እሱ አይደለም» አልኩ።

መቶ ሃያ ሰው ዞረ። ጆሮዬ ጋለ።

«ምን አልሽ፣ ላሪሳ?» አለ ጎርድ።

«እሱ አይደለም የጻፈው። ቀልድም አይደለም።» ድምፄ እየቀጠነ ሄደ። «እኔ ነኝ።»

«እቺ ልጅ ደግሞ ማን ናት?» አለ ክሊፎርድ። «ማንም እኔ ነኝ ማለት ይችላላ! ማረጋገጫ አላት?»

ከኋላ አንዱ፣ «ፒሮጊ ያልደረሳት ናት!» አለ። ሳቁ። እኔ ግን ስልኬን አውጥቼ ቤት ደወልኩ፤ ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፍቼ ወደ ጎርድ ዘረጋሁት።

«እቤት ያለውን ኮምፒውተር አባቴ ይዝጋው» አልኩ። «ያኔ ነጥቡን እዩት።»

ስልኩ ብዙ ጠራ። በመጨረሻ አባቴ አነሳው።

«አቤት! ቶሎ በይ፣ ሥራ ላይ ነኝ።»

«አባዬ፣ ኮምፒውተሬ ጋ ሂድልኝ። ጨዋታውን ዝጋው።»

በስልኩ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ብቻ ተሰማ።

«አባዬ?»

«አሁን አይሆንም።»

«ለምን?»

«ምክር ቤቱ ድምፅ እየሰጠ ነው! የመንገዱን ነገር ላጸድቅ ሁለት ድምፅ ነው የቀረኝ፤ አንቺ አሁን ዝጋ ትያለሽ!»

አዳራሹ ውስጥ አንድ ሰው ፒሮጊው ትን አለው። ጥር ላይ ያየሁት ያ ቀጥ ያለ መንገድ ፊቴ ላይ ድቅን አለ። ከምድጃ እስከ ሐይቅ። የአውቶቡስ መስመር ነበር እኮ።

«አባዬ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«እግሬ እኮ ተሰብሯል» አለ ተቆጥቶ። «ሰው ቀኑን ሙሉ ግድግዳ ያያል?»

«አባዬ፣ ሥራዬ ነው። እባክህ ዝጋው።»

ሲያጉረመርም፣ ክራንቹ ወለሉን ሲመታ፣ ወንበር ሲንቋቋ ሰማን። ሁሉም ሸራውን ያያል። አረንጓዴው ነጥብ እንደበራ ቆየ፤ ቆየ፤ ጠፋ።

አንድ ሰው አጨበጨበና ብቻውን መሆኑን ሲያውቅ አቆመ። ክሊፎርድ ቁጭ አለ። «የማጣሪያውን ነገር ግን አስቡበት» አለ።

ጎርድ ወደ እኔ ቀስ ብሎ መጣ።

«ሦስት ወር» አለ። «ሦስት ወር ሙሉ ማርከሩን ስታቀብዪኝ ነበር።»

«ሲደርቅም አዲስ የማመጣው እኔ ነበርኩ።»

«ስለ አራተኛው ነጥብ ታውቂያለሽ?»

«አንብቤ ነው የፈረምኩት።»

ማስታወሻውን ዘጋ። «ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት እቤቴ ነይ።»

«ቢሮ አይደለም?»

«ቤቴ። ምን ይዘሽ እንደምትመጪ ታውቂዋለሽ።»

ሰኞ ሠላሳ አንድ ከዜሮ በታች ነበር። አባቴ ብቻሽን አትሄጂም ብሎ መኪናው ውስጥ ገባ፤ ጥፋቱ ከብዶት ይመስለኛል፣ መንገዱን ሁሉ ስለ ምክር ቤቱ ምንም አላወራም። የጎርድ ደጅ ሁለት መኪና ጎን ለጎን የሚያቆም ነው፤ በረዶው እስከ ጉልበቴ ይደርሳል። አካፋዬን ይዤ ጀመርኩ። አባቴ መስኮቱን አንድ ጣት ያህል ዝቅ አድርጎ መመሪያ ይሰጣል።

«ከንፋሱ ጋር ጣዪው እንጂ! ወደ ራስሽ እኮ ነው የምትመልሺው!»

አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀብኝ። ይህ የስንብት ይሁን የቅጣት አላወቅኩም፤ ሲጠርጉ ግን ብዙ አይታሰብም። ሲያልቅ ጎርድ በቁምጣው በሩን ከፍቶ በእጁ ጠራኝ። ደረጃውን ወጣሁና ደፉ ላይ ቆሜ በረዶውን አራገፍኩ። ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ።

«ቁሚ!» አለ ጎርድ።

ቆምኩ። ከበሩ ኋላ ጆቬን ወለሉ ላይ ተንበርክኮ አየሁት፤ ማዳመጫ ጆሮው ላይ፣ ማይክሮፎን እጁ ላይ።

«እንደገና» አለ ጆቬን። «ሦስተኛው ትንሽ ሳሳ።»

አሥራ አንድ ጊዜ ወጥቼ ገባሁ። በአሥራ አንደኛው ላይ ደፉ ላይ እንዳለሁ ቆምኩና ሦስት ወር ሙሉ የፈራሁትን ነገር ጠየቅኩ።

«ጎርድ፣ ተባርሬያለሁ ወይስ አልተባረርኩም?»

ጎርድ ጠራርጌ የጨረስኩትን ደጅ አየ። «እስከ ሰኔ ነው ያልኩት» አለ። «የተባረረ ሰው እስከ ሰኔ እንዴት ይጠርጋል? ግቢ፣ ብርዱን አስገባሽው። አባትሽንም ጥሪው፤ ስለዚያ መንገድ ልጠይቀው እፈልጋለሁ።»

የጎርድ እህት ጠበቃ ናት፤ አራተኛው ነጥብ ነጥብ ነው ብላ አስተያየቴን ከድረ ገጹ አስነሳችኝ። ሰሌዳው ላይ 1,104 የሚለውን ግን ማንም አልደመሰሰውም። ጎርድ ጠዋት ጠዋት ከሰሌዳው ፊት ቆሞ ቡናውን ይጠጣል፤ ቁጥሩ ግን አይጨምርም።

መጋቢት ላይ አርባ ሺህ ሰዎች ጫማቸውን ማራገፍ ጀመሩ። በዚያው ሳምንት አንድ አዲስ አስተያየት ከሁሉም በላይ ወጣ። ጎርድ አትሞ ድሮ የኔ በነበረበት ቦታ ለጠፈውና ጮክ ብሎ አነበበው። የጸሐፊው ስም «ሹፌሩን አታናግሩ» ይላል።

«ጫማቸውን ማራገፋቸው ደግ ነው። ነገር ግን በዚህች ከተማ አንድም አውቶቡስ የለም። አርባ ሺህ ሰው በዚህ ብርድ በእግሩ? መንገድ ሠርቼ ጠበቅኩ፤ ማንም አልመጣም። አልመክርም። 188 ሰዓት።» ጎርድ ፊቱ ቀላ። «መቶ ሰማንያ ስምንት! ይህን ሰውዬ ባገኘው...»

«አባቴ ነው» አልኩና ማርከሩን አቀበልኩት።